ታ የሚሉት ሰው

«ትገቢያለሽ፣ ኦርጋንሽን ታስጭኛለሽ፣ ትወጫለሽ» አሏት እናቷ ወይዘሮ ማልቪ። የኢስቶኒያዋን የቮሩን ከተማ ካለፉ ወዲህ ይህን ሲሉ ለሦስተኛ ጊዜ መሆኑ ነው። «ሰላም ማለት እንኳ አያስፈልግም። ሰላም ካልሽ ተቀመጪ ይሉሻል፤ ከተቀመጥሽ ደግሞ ታለቅሻለሽ።»

«አላለቅስም እማዬ።»

«እሱን አፍንጫሽ ይመስክር። ከታሊን ጀምሮ እየቀላ ነው የመጣው።»

ኬዩ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። የሰኔ ቅዳሜ ነው፤ ከቀኑ አሥር ሰዓት። በዚህ ወር ፀሐይዋ መጥለቅ የሚባለውን ነገር ስለምትረሳው ሜዳው ሁሉ እንደ ረፋድ ያበራል። እናቷ የተዋሱትን የጭነት መኪና የሚነዱት ፒያኖ እንደሚያስተምሩት ነው፤ ቀጥ ብለው፣ ምንም ስህተት ሳይሠሩና የሌላውን ስህተት ሁሉ እየቆጠሩ። የትራክተር ጠጋኙን ልጅ ታርቮን ገና ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ከስህተቶቹ መሃል ቆጥረውታል። ዛሬ ልጃቸው የራሷን ዕቃ ከእሱ እጅ ልታወጣ ስትሄድ ካልነዱላት መቼ ሊነዱላት!

ኬዩ ግን የምታስበው ስለ ዕቃው አልነበረም። ኦርጋኑ ዛሬ ከሃቫሳሬ መንደር ከወጣ ከታርቮ ጋር ያላት ነገር ሁሉ አብሮት ይወጣል። ይህን ታውቃለች። እሱም ያውቃል።

የኬዩና የታርቮ የሙዚቃ ባንድ ስም ኩይቫቲ ነው፤ ማድረቂያ ማለት ነው። ከስምንት ዓመት በፊት ታርቮ፣ ራይጎና ኬዩ በድሮው የጋራ እርሻ የእህል ማድረቂያ ውስጥ ተሰብስበው መጮህ ጀመሩ። መጮህ ነው እንጂ ያን ጊዜ ሙዚቃ ብሎ የጠራው ሰው አልነበረም። ታርቮ ጊታሩን በአባቱ ጋራዥ በተጠገነ ማጉያ ያስጓራዋል፤ ራይጎ ከበሮውን ሚስማር እንደሚመታ ሰው ይወግረዋል፤ የቆርቆሮው ግድግዳ ደግሞ በራሱ ፈቃድ አራተኛ ተጫዋች ሆኖ ይንቀጠቀጣል። አንድ ጎረቤት ላሞቼ ወተት ከለከሉ ብሎ ሁለት ጊዜ አቤት ብሏል። በዚያ ሁሉ ጩኸት መሃል ኬዩ ትንሿን ኦርጋን በእግሯ እየረገጠች ትነፋለች። ከአንድ ፈራሽ የጸሎት ቤት በሁለት ጆንያ ድንች የለወጠቻት ናት፤ እንደ አሮጌ ሰው የምትተነፍስ፣ ያለ ኤሌክትሪክ የምትሠራ ዕቃ። ሰዉን የማረከው ያ ነበር፤ ጩኸቱ ጋብ ሲል ከሥሩ የምትሰማው ትንፋሽ።

ሁለት አልበም በዚሁ ወጣ። የታሊን ወጣቶች አበዱ። ከዚያ ካስፓር የሚባል ሥራ አስኪያጅ መጣና ዘመን ተለውጧል አለ። የጊታሩ ጩኸት በኮምፒውተር ድምፅ ተተካ፤ ዘፈኑ እንግሊዝኛ ሆነ፤ የጀርመን መድረኮች ተያዙ። አንድ ቀን በስብሰባ ላይ ካስፓር ወደ ኦርጋኑ እየጠቆመ፣ «ይሄ ዕቃ ያስላል፤ ይውጣ» አለ። ሁሉም ታርቮን አዩት። ታርቮ ወለሉን አየ። ኬዩ በዚያው ሳምንት በመርከብ ወደ ፊንላንድ ተሻግራ ሄልሲንኪ ገባች፤ ፒያኖ የሚጠገንበት ሱቅ ተቀጠረች። ሦስተኛው አልበም በጀርመን ተጨፈረበት፣ በአገሩ ተኮረፈበት፤ ካስፓርም ሌላ ባንድ ፍለጋ ሄደ። ኩይቫቲ ዝም አለ።

እንግዲህ ፍቅር ከባንድ ይልቅ እልኸኛ ነው። ታርቮ ይደውልላት ጀመር፤ እሷም፣ «ስልክ ላይ የምሰማው ትንፋሽህን ብቻ ነው፤ የምትለው ካለህ ጻፍልኝ» አለችው። ጻፈላት። ሁለት ዓመት ሙሉ ተጻጻፉ። ለዘንድሮው የሰኔ በዓል ሄልሲንኪ ሊመጣ፣ ቆሞ ፊት ለፊት ሊያናግራት ቃል ገብቶ ነበር። በግንቦት ግን ይህ ደብዳቤ ደረሳት፦

«ኬዩ፣ ራይጎ ስለነገረሽ እኔ አልደግመውም። ከመጋቢት ጀምሮ የምንኖረው አብረን ነው፤ እኔና ታ። እጅ ለእጅ ካልተያያዝን እንቅልፍ የለም። ጠዋት የታን ፀጉር የማበጥረው እኔ ነኝ። ከታ ተለይቼ የትም መሄድ ስለማልችል ሄልሲንኪ አልመጣም። አዲሶቹን ዘፈኖች የጻፍኳቸው ለታ ነው፤ በታ ትንፋሽ ልክ። ትረጂኛለሽ ብዬ አምናለሁ። ታርቮ።»

በኢስቶኒያ ቋንቋ እሱ እና እሷ ብሎ ነገር የለም። ወንዱም ታ ነው፣ ሴቷም ታ ናት፣ ሕፃኑም ሽማግሌውም ታ። ሰዎቹ ግን ለዚህ አይቸገሩም፤ ማን እንደሆነ ያልገባው ሰው ይጠይቃላ! ለመጠየቅ ደግሞ አፍ መክፈት ያስፈልጋል፤ አፍ መክፈት ነው እዚያ አገር የሚከብደው። ራይጎ ከሰኞ እስከ ዓርብ ሄልሲንኪ ውስጥ ጣሪያ ይሠራል፤ ከኬዩ ቤት በትራም ሁለት ፌርማታ። ሄዳ «ታ ማን ናት?» ብትለው ያልቅ ነበር። ኩራቷ ፌርማታው ላይ አስቆማት። ፀጉሯ የሚበጠርላት፣ እጇ ተይዞ የምትተኛ ሴት ማን ብላ ትጠይቅ?

ይልቅ መልስ ጻፈች። አከራይዋ፣ ፊንላንዳዊቷ መበለት፣ አንድ ዓይኑ የጠፋ ወፍራም ድመት አላት። ድመቱ የኬዩን አልጋ የራሱ ካደረገው ቆይቷል። ኬዩ እስክሪብቶዋን አነሳች፦

«ደስ ብሎኛል። እኔም ብቻዬን አይደለሁም። ማታ ከሥራ ስመለስ በር ላይ እጠበቃለሁ። ታን ካላቀፍኩ እኔም እንቅልፍ የለኝም፤ ያለን አንድ አልጋ ነው። በሰኔ አንዱን ቅዳሜ መጥቼ ኦርጋኔን እወስዳለሁ።»

አንዲት የሐሰት ቃል የለበትም። ፖስታውን ስትልሰው ግን ምላሷ ላይ የቀረው የሙጫው ምሬት ብቻ አልነበረም። ሦስት ሳምንት ሆነው፤ ያ ምሬት እስካሁን አለ።

«ደረስን» አሉ ወይዘሮ ማልቪ። «እኔ ከመኪናው አልወርድም። ሩብ ሰዓት።»

*

የማድረቂያው ትልቅ በር ተከፍቷል። ውስጡ ረድፍ በረድፍ የእንጨት አግዳሚ ተደርድሯል፤ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን አዲሱ የኩይቫቲ አልበም እዚሁ በተወለደበት ቤት ይሰማል ተብሎ ከቮሩም ከታርቱም ሰው እየመጣ ነው። ራይጎ በሩ ላይ ገመድ ሲጠቀልል አያትና ገመዱን ጣለው።

«ኧረ! የሄልሲንኪዋ እመቤት! ሁለት ፌርማታ ላይ ሆነሽ ስንት ወር ሳትጠይቂኝ ዛሬ እዚህ ድረስ?»

«አንተስ ጠይቀኸኛል?»

«እኔማ ጣሪያ ላይ ሆኜ እጄን አውለበልባለሁ። ቀና ብለሽ ካላየሽኝ ምን ላድርግ!»

ኬዩ ፈገግ ልትል ሞክራ አልሆነላትም። «ታርቮ የት ነው?»

የራይጎ ሳቅ ረገብ አለ። «ቤት ነው፤ ታን እያለባበሰ። ዛሬ ታን ይዘን ነው መድረክ የምንወጣው። አልጻፈልሽም እንዴ?»

«ጽፎልኛል።»

«እንግዲህ አይዞሽ። እኛንም መጀመሪያ ከብዶን ነበር። እስኪለመድ ነው።»

እስኪለመድ! ኬዩ ወደ መድረኩ አመለከተች። «ኦርጋኔን ልወስድ ነው የመጣሁት፤ በል አንድ ጫፉን ያዝልኝ።»

ራይጎ ፊቱ ተለዋወጠ። «ዛሬ? ኬዩ፣ ቀልድሽን ነው። ያለ ኦርጋኑ እኮ ታ...» ቃሉን ዋጠው። «ታርቮ ይምጣ። እኔ ከበሮ መቺ ነኝ፣ አላውቅም» ብሎ ወደ ማጉያው ሄደ፤ ተጎንብሶም የሌለ ብልሽት ይፈልግ ጀመር።

ኦርጋኑ መድረኩ መሃል ቆሟል። በድሮው ጊዜ ጥግ ነበር ቦታው። ኬዩ ቀረብ አለች። የተበጠሰው የፔዳሉ ጠፍር በአዲስ ቆዳ ተቀይሯል፤ ስፌቱ ጥንቅቅ ያለ ነው። ከጎኑ ለስላሳ ትራስ የተነጠፈበት ባለ መደገፊያ ወንበር አለ። የግጥሙ ወረቀት ላይ ደግሞ ፊደሎቹ መዳፍ መዳፍ ያክላሉ፤ በየሁለት ቃሉ መሃል የትንፋሽ ምልክት ተሰምሯል።

«ጭራሽ ማንበብ እንኳ የማትችል ልጅ ናት» አለች በልቧ። «ደግሞ ትራስ! ልዕልቲቱ እንዳይቆረቁራት።»

በዚህ መሃል ራይጎ ማጉያውን ሊሞክር የአዲሱን አልበም ቀረጻ ለቀቀው።

ኬዩ እጇ ወንበሩ መደገፊያ ላይ እንዳለ ቀረ። የቆርቆሮው ግድግዳ አልተንቀጠቀጠም። የኮምፒውተሩ ድምፅ የለም፤ እንግሊዝኛው የለም። ጊታሩ አንድ ጊዜ ይነካና ይጠብቃል፤ አንድ ጊዜ ይነካና ይጠብቃል፤ ሰው በተኛበት ክፍል ውስጥ ጫማ አውልቆ እንደሚያልፍ ሰው። የታርቮ ድምፅ ያን ሁሉ ዓመት ሲጮህ ያልነበረውን ነገር አሁን በሹክሹክታ ይዞ መጥቷል። ኬዩ ሙዚቃ ታውቃለች። አንድ ባንድ ድምፁን ለገበያ ብሎ ሲለውጥ ምን እንደሚመስል በካስፓር ጊዜ ሰምታለች። ይሄ እንደዚያ አይደለም። ይሄ ሰው የሚወደውን ሰው እርምጃ እየጠበቀ ነው የሚዘፍነው።

ለእኔ እንዲህ አድርጎ አያውቅም አለች። ቅናት መስሏት የነበረው ነገር ቅናት አልነበረም። ሐዘን ነበር፤ ዘፈኑም ያምር ነበር።

*

«መጣሽ» አለ ታርቮ ከበሩ።

ሮጦ ነው የመጣው፤ የጭነት መኪናውን ከሩቅ አይቶ መሆን አለበት። ነጭ ሸሚዝ ለብሷል። ከስቷል። ዓይኖቿን አየ፤ ከዚያ እንደ ልማዱ ወለሉን።

«ኦርጋኔን ልወስድ ነው» አለች።

«ከዝግጅቱ በኋላ ውሰጂው። እለምንሻለሁ።»

«ለምን? ታ ያለ ኦርጋን መዝፈን ስለማይችል?»

«አዎ።»

እንዴት ያለ ድፍረት ነው! ኬዩ ድምፅዋ ከፍ አለ። «ቦታዬን ሰጠህ። ፔዳሌን አደስክ፤ ለእኔ ሦስት ዓመት ሙሉ ተበጥሶ ሳስረው አይተህ ያላደስከውን! ትራስ አነጠፍክ። የቀረ ነገር አለ ለታ ያልሰጠኸው?»

ታርቮ ቀና አለ። በጥፊ የተመታ ይመስል ነበር። «በታ ላይ እንዲህ ትጨክኛለሽ ብዬ በሕልሜም አላሰብኩም። እዚያ ቤት ምን ያህል ትወደጂ እንደነበር እያወቅሽ?»

«እኔ? በታ እወደድ ነበር?»

«ፎቶሽን አሁንም ከግድግዳው ማውረድ አይቻልም፤ ቁጣ ነው። አንቺ ግን...» ድምፁ ተቆረጠ። «አንቺ ግን ‹ደስ ብሎኛል› ብለሽ ጻፍሽ። ደስ ብሎኛል! ከዚያ ‹ያለን አንድ አልጋ ነው።› ሦስት ሳምንት ሙሉ ያንን አልጋ እያየሁ ነው የሰነበትኩት ኬዩ። ሌላ ሰው መያዝሽ ይሁን፤ መብትሽ ነው። እንዲህ በሐዘናችን ላይ ደስ ብሎኛል ማለት ግን ምን ይባላል?»

«በየትኛው ሐዘን?» አለች።

ሳይመልስላት ከውጭ የወይዘሮ ማልቪ ድምፅ መጣ። እኒያ ከመኪናው አልወርድም ያሉት ሴት ወርደው ቆመዋል።

«ሰው እንደ ሰው እንዴት ዋሉ ሲልዎት ሌላ መልስ የለዎትም?»

«ኖህ» አለ አንድ ወፍራም ድምፅ።

«እህ! ስምንት ዓመት ሙሉ ያው ኖህ! አሁንም አልተማሩም?»

«ኖህ።»

ኖህ ማለት በዚያ አገር እሺም ነው፣ እንዴት ነህም ነው፣ ተወኝም ነው። የታርቮ አባት ሄይኖ ዕድሜያቸውን ሙሉ ትራክተር ሥር ተኝተው ከዚህች ቃል ሌላ ብዙም ያባከኑ ሰው አልነበሩም። በመጋቢት ስትሮክ መትቷቸው ንግግራቸው ሁሉ ሲጠፋ የተረፈችላቸው ይህችው ብቻ ናት። መንደሩ እስካሁን እያዘነ የሚስቅበት ነገር አለ፤ ሄይኖ መናገር እንዳቃታቸው ሰው ያወቀው በሦስተኛው ቀን ነው ይባላል።

ኬዩ ወደ በሩ ወጣች። ሄይኖ በዱላ ተደግፈው፣ ቀኝ እግራቸውን እየጎተቱ ደርሰዋል። ነጭ ሸሚዝ፤ ሽበታቸው በውሃ ርሶ፣ መስመር ወጥቶለት፣ ጥንቅቅ ብሎ ተበጥሯል።

ተበጥሯል።

«ታ...» አለች። «ታ ማለት ጋሽ ሄይኖ ናቸው?»

ታርቮ ግራ ተጋባ። «ታዲያ ማን ይሆናል? ራይጎ አልነገረሽም?»

«አንተ የጻፍክላት መስሎኝ!» አለ ራይጎ ከኋላ።

«ነግሬያታለሁ አላልከኝም?»

«መቼ አልኩህ? ‹ኬዩ› አልከኝ፣ ‹እሺ› አልኩህ!»

ሁለት ጎልማሶች፣ ሦስት ወር፣ አንድ እሺ። ሳቅ የሚያስቅ ነበር፤ የሳቀ ግን አልነበረም። ሄይኖ ኬዩን አይተው ዱላቸውን ለቀቁት፤ ግራ እጃቸውን ዘረጉ። ያዘቻቸው። እጃቸው አሁንም የቅባት ሽታ አለው። ወይዘሮ ማልቪ ዱላውን ከመሬት አነሱና የሰውየውን የተጣጠፈ ኮሌታ አቃኑላቸው።

«ሴት መስሎኝ ነው» አለች ኬዩ ወደ ታርቮ ዞራ። እዚያ ላይ ብታቆም ይበቃት ነበር፤ ይቅር በተባለች። ግን አላስቻላትም። «የእኔ ታ ድመት ነው። የአከራይዬ ድመት። ሌላ ሰው የለኝም።»

ታርቮ ይስቃል ብላ ጠብቃ ነበር። አልሳቀም። ፊቱ ቀስ ብሎ ነጣ።

«እኔ ሳላውቅ ነው ያቆሰልኩሽ» አለ። «አንቺ እያወቅሽ ነው። ቁጭ ብለሽ ቃሉን መርጠሽ ነው።»

«አዎ» አለች። «መርጬ ነው።»

ሰዎች በመንገዱ እየመጡ ነው፤ የመኪና በር ሲዘጋ ይሰማል። ኬዩ እንባዋን ለመጥረግ እንኳ እጇን አላነሳችም።

«አንተም ካስፓር ኦርጋኑ ያስላል ሲል ወለሉን ያየኸው እያወቅህ ነበር።»

ታርቮ ብዙ ሊል የፈለገ ሰው ይመስል ደረቱ ከፍ ዝቅ አለ። «አዎ» አለ በመጨረሻ። «እያወቅሁ ነበር። ፈርቼ ነው።»

ሁለት አዎ። ከዚያ ወዲያ የሚደበቅበት ቦታ ለሁለቱም አልቀረም።

«ነገ ስድስት ሰዓት ላይ መርከብ አለኝ» አለች።

«አውቃለሁ።»

«ሰኞ ሥራ እገባለሁ።»

«አውቃለሁ። እኔም አባቴን ትቼ መምጣት አልችልም።»

«አውቃለሁ።»

«ግን እንድትሄጂ አልፈልግም» አለ ታርቮ። ጮክ ብሎ ነው ያለው፤ እናቷ እየሰሙ፣ ራይጎ እየሰማ፣ በሩ ላይ የደረሱት የታርቱ ተማሪዎች እየሰሙ። ጆሮው ደም መሰለ። «ኦርጋኑን ውሰጂው፤ ያንቺ ነው። እኔ የምልሽ ስለ ኦርጋኑ አይደለም። እንድትሄጂ አልፈልግም፣ በቃ።»

ኬዩ ደስታ ይሆናል ብላ ሦስት ዓመት የጠበቀችው ነገር ሲመጣ ፍርሃት ይመስል ነበር። እናቷን አየች። ወይዘሮ ማልቪ ሰዓታቸውን አላዩም።

«ኖህ!» አሉ ሄይኖ በትዕግሥት ማጣት፣ ወደ መድረኩ በአገጫቸው እየጠቆሙ።

«ንግግሩ ጠፍቶ ዜማው ቀርቶለታል» አለ ታርቮ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ሐኪሟ ናት ዘምሩለት ያለችን። ኦርጋኑ ድምፁን ቀድሞ ከሰጠውና እኛ ካልቸኮልን፣ ቃሉ ተከትሎ ይመጣል። ራይጎ ነው በአንድ ጣቱ የሚይዝለት።»

«በአንድ ጣት!» አለች ኬዩ። ሌላ ምንም አላለችም። ጫማዋን አወለቀች።

አግዳሚዎቹ ሲሞሉ ሄይኖ በትራሱ ላይ ተቀምጠው ነበር። ኬዩ ፔዳሉን ረገጠች፤ አዲሱ ቆዳ አልጮኸም። የመጀመሪያውን ድምፅ ሰጠቻቸው። ሽማግሌው አፋቸውን ከፈቱ፤ ያ ኖህ ብቻ የሚያውቅ አፍ ሙሉ ዓረፍተ ነገር አወጣ፦ በረዶ ቀለጠ፣ ወንዙ መንገዱን አገኘ። ከዚህ ቀደም ከእሳቸው አንደበት ይህን ያህል ቃል ሰምታ አታውቅም። ከኋላ ረድፍ አንድ ሰው አፍንጫውን ሲጠርግ ተሰማ፤ ኬዩ እናቷ መሆናቸውን ሳትዞር አወቀች፤ ያን ያህል ሥርዓት ያለው አፍንጫ ጠራጊ በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ስንኝ መሃል ላይ ሄይኖ ቆሙ። ቃሉ ጠፍቷቸዋል። ታርቮ ጊታሩ ላይ እጁን አሳርፎ ጠበቀ። ራይጎ ጠበቀ። ቆርቆሮው እንኳ ዝም አለ። በዚያ ረጅም ዝምታ ውስጥ የነበረው አንድ ድምፅ ብቻ ነው፤ ኬዩ በሁለት ጣቶቿ የያዘችው። እግሯ ካቆመ ድምፁ ይሞታል።

ታርቮ ቀና ብሎ አያት። ወለሉን አላየም። መርከቡ በቦታው ነው፣ ባሕሩም በቦታው ነው፣ ነገም በቦታው ነው፤ ምን እንደሚሆኑ ከሁለቱ የሚያውቅ የለም። እሷም ዓይኗን አልሰበረችም። ሽማግሌው ቃላቸውን እየፈለጉ ነው፤ እሷም ቀስ አድርጋ፣ ሳትቸኩል፣ መርገጧን ቀጠለች።